በኋላ ሽፋኑ ላይ የተጻፈው

አርብ፣ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

አሥራ አንደኛው የንባብ ሰዓት። ሠላሳ አራት ልጅ መጣ፤ ወንበሩ ሃያ ስድስት ነው። የተረፉት መሬት ላይና መስኮት ደፍ ላይ ተቀመጡ። የአምስተኛ ክፍሉ ቤኒ ስለ አንዲት ግትር አህያ የሚያወራ መጽሐፍ ይዞ ወጣና ዓይኑን ጨፍኖ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ጌታ ይባረክ! ይህን መጽሐፍ ከማንበቤ በፊት ሰነፍ ነበርኩ» ብሎ ጀመረ። ክፍሉ በሙሉ «አሜን!» አለ። ሳቄን ለመደበቅ መዝገቡን ፊቴ ላይ አደረግሁት።

እዚህ ሶዶ ልጅ ሰው ፊት ቆሞ መናገር የሚማረው ቸርች ውስጥ ነው፣ በምስክርነት። ማይክ ይሰጡታል፣ «እኔ» ብሎ ይጀምራል፣ ያለቅሳል፣ ያመሰግናል፣ ይቀመጣል። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በልጅነቴ ሰው ፊት ቁሚ ያለኝ የለም። ታኅሣሥ ላይ ይህን ሰዓት ስጀምር ዘዴውን ከነሱ ወሰድኩ። «የወደዳችሁትን መጽሐፍ እንደ ምስክርነት ንገሩን፤ ባለታሪኩን ሆናችሁ፣ እኔ ብላችሁ» አልኳቸው። ከዚያ በፊት አፋቸው በፕላስ የማይከፈት ልጆች ዛሬ ተራ ይጣላሉ። ተናግሮ የጨረሰ ልጅ ቀጥሎ ማን ቢያነበው እንደሚጠቅመው ስም ይጠራል። መጽሐፉም ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል።

የኔዋ ናዝራዊት እንደ ልማዷ ኋላ ተቀመጠች። ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ከሁሉም በላይ ታነባለች፤ አንድም ቀን ግን ወጥታ አታውቅም። አላስገድዳትም። «የቲቸር ልጅ ስለሆነች» እንዲሉ አልፈልግም።

ሰኞ፣ መጋቢት 8

መናኸሪያ። ሾፌሩ ቶማ ሚኒባሱን ይዞ ከአርባ ምንጭ ገባ። ያው ጥቅል፣ ያው ጋዜጣ። ሁለት መጽሐፍ።

«ጋሽ መክብብ ናዝራዊት እንዴት ናት ብሏል።»

«ደህና ናት በለው።»

ከአንዱ፣ መክብብ የጻፈበትን የመጀመሪያውን ገጽ ቀድጄ አወጣሁ። የትምህርት ቤቱን ማኅተም መታሁባቸው። ሁለተኛው ላይ ግን የጻፈው በኋላ ሽፋኑ ውስጥ ነው፣ ካርቶኑ ላይ። ካርቶን አይቀደድም። የመመለሻ ቀን የምንሞላበትን ወረቀት ለጠፍኩበት። ተቻኩዬ ነበር፤ ደወል ሊደወል ነው።

ለአንድ ልጅ ከሚሆን ለሠላሳ አራት ልጅ ቢሆን ምኑ ነው ክፋቱ።

አርብ፣ መጋቢት 12

ወረቀት የለጠፍኩበትን አዲሱን መጽሐፍ አስካለች ወሰደችው። ከናዝራዊት ክፍል ናት፤ እናቷ ቅቤ ነጋዴ ናቸው፤ ከሁምቦ ነው የመጡት። ናዝራዊት ሁለተኛ ተመዘገበች።

ናዝራዊት ያለፈውን መጽሐፏን ሁለት ቀን አሳልፋ ነው የመለሰችው። ለማንም የማደርገውን አደረግሁ፤ መደርደሪያውን በጨርቅ ጠርጊ አልኳት። አንድም ቃል ሳትናገር ጠረገች። ማድላት ይቅርብኝ።

ማታ እራት ላይ እንዲህ አለችኝ፤ «እማ፣ እነዚህን መጻሕፍት የሚሰጠን ማነው?»

«በጎ አድራጊ ነው።»

«እንዴት ነው የሚመርጠው? ያለፈው በገመድ መሬት ስለምትለካ ልጅ ነበር። የበፊቱ ስለ ሐይቅ። የኔን ሆድ የሚያውቅ ነው የሚመስለው።»

ሽሮው ጨው በዝቶበታል ብዬ ተነሣሁ። አልበዛበትም ነበር።

ለነገሩ ለማን ነው የምደብቀው፣ ደብተር ነው። መክብብ አባቷ ነው። ቀያሽ ነው። አርባ ምንጭ ሌላ ቤት ሠርቶ ይኖራል። ረስቶሻል ብያታለሁ። በዚህ ቃል አላልኩም፤ «ደውሎ ያውቃል?» ብዬ ጠይቄያታለሁ። ስልኬን የቀየርኩት እኔ መሆኔን አልጨመርኩም።

አርብ፣ መጋቢት 19

ከምሳ በኋላ ዝናቡ ወረደ፤ የዳሞታ ተራራ ጨርሶ ጠፋ። አስካለች መጽሐፉን ሹራቧ ሥር አድርጋ እየሮጠች መጣች። ቢሆንም ረጥቧል።

እንደዛሬ ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ቆመች። ዓይኗን አልጨፈነችም። «እናቴ አባትሽ ሞቷል አለችኝ» ብላ ጀመረች። «አለቀስኩ። ጎረቤቱ ሁሉ አለቀሰልኝ። አንድ ቀን ጆንያ ውስጥ እህል ስቀዳ እጄ ወረቀት ነካ። የአባቴ ደብዳቤዎች ነበሩ። አባቴ አልሞተም ነበር። ሁሉንም በቅደም ተከተል አነበብኳቸውና በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በጭነት መኪና ሄድኩ።» እንባዋ ወረደ። ትንንሾቹ አብረዋት አለቀሱ። ቤኒ «አሜን» ማለቱን ረሳ።

በመጨረሻ «ቀጥሎ ናዝራዊት ታንብበው» አለች። መጽሐፉን ግን ለኔ ነው የሰጠችኝ፣ ዓይኗን መሬት ላይ አድርጋ። «ዝናብ ነክቶት ነው፣ ቲቸር። ይቅርታ።»

ሳየው የለጠፍኩት ወረቀት በውኃው ለቆ እንደ ጆሮ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ ያለው ሰማያዊ ቀለም ፈዝዟል፤ ይነበባል ግን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው።

ለናዝራዊት መጠገን አለበት አልኳት። እውነቴን ነው፣ መጠገን አለበት።

ታሪኩንም እኮ ሳላነበው ነው መደርደሪያ ላይ ያስቀመጥኩት። ከዚያ ሁሉ መጽሐፍ መካከል ይህን መክብብን ምን አስመረጠው?

ሰኞ፣ መጋቢት 22

ባጃጅ ውስጥ ሁለት ሴቶች። እኔ ስገባ ወላይትኛቸውን አላቋረጡም፤ መልኬን አይተው የማልሰማ መስሏቸው ነው። የሶዶ ልጅ ሆኜ የምችለው ሰላምታና የገበያ ነው፤ ግን የሰማሁት በቃኝ። የምሕረት ባል። አልሞተም። በፎቶ ነው ያለቀስነው።

ምሕረት የአስካለች እናት ናቸው። አስካለች አባቷ ከአራት ዓመት በፊት ቆላ እርሻ ላይ ሊሠራ ሄዶ፣ ታሞ፣ እዚያው ሞቶ እዚያው ተቀብሯል። አስከሬኑ አልመጣም። ድንኳን ተተክሎ፣ ፎቶው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው የተለቀሰው። ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል።

ትንንሾቹ አርብ ማታ ቤታቸው ገብተው ያወሩት አስካለች መጽሐፍ አነበበች ብለው አይደለም። አስካለች መሰከረች ብለው ነው። ምስክርነት ላይ ደግሞ አይዋሽም።

ካፍ ከወጣ አፋፍ።

ረቡዕ፣ መጋቢት 24

ወይዘሮ ምሕረት መጡ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው፣ ከገበያ በቀጥታ፣ እጃቸው ቅቤ ቅቤ እየሸተተ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። አማርኛቸው ሴቱን ወንድ ያደርጋል።

«ቲቸር፣ ልጄ እዚህ ምን ብሎ ተናገረ?»

«መጽሐፍ ነው የተናገረችው። ታሪክ ነው፣ የሌላ ሰው ታሪክ።»

«እኔም መጽሐፍ ነው አልኳቸው። ሽማግሌዎች ቤቴ መጡ፤ ሦስት ሆነው መጡ። ባልሽ የት ነው አሉኝ። ለምን አስለቀስሽን አሉኝ። መጽሐፍ ነው ስላቸው፣ እንግዲያው መጽሐፉን አሳዪን አሉ። ስጪኝ፣ ላሳያቸው።»

ጠፍቷል አልኳቸው። ፈልጌ እሰጣለሁ አልኳቸው።

ፊቴን አዩት። «አስካለች አይዋሽም» አሉ። «መልሻለሁ ብሏል።»

«መልሳለች። ከመለሰች በኋላ ነው የጠፋው።»

ከወጡ በኋላ መጽሐፉ ያለበት መሳቢያ መቆለፉን ሁለት ጊዜ ነካክቼ አረጋገጥኩ።

አርብ፣ መጋቢት 26

ሰዓቱ ቀረ። ርእሰ መምህራችን አቶ ቃለሕይወት፣ «ነገሩ እስኪጠራ ይቁም» አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። «ጽጌሬዳ፣ እኔ መጽሐፍ መሆኑን አምናለሁ። መጽሐፉ ከተገኘ በማግስቱ እንከፍታለን። ካልተገኘ ክፍሉን ለስምንተኛ ክፍል ማጠናከሪያ እንስጠው ይላሉ፣ እኔም ምን ብዬ እከለክላለሁ?»

ልጆቹ በሩ ላይ ተሰብስበው ነበር። ቤኒ ስለ ዝንጀሮ የሚያወራ መጽሐፍ ይዟል፤ ሳምንቱን በሙሉ ሲለማመድ ነው የከረመው።

ሰኞ፣ መጋቢት 29

ሌላ ቅጂ ፈለግሁ። ገበያ ዳር ያለው መጽሐፍ ሻጭ አያውቀውም። ሌላውም አያውቀውም።

መጽሐፉን ይዤ ቤት ገባሁና አዲስ ወረቀት ለጠፍኩበት። ቀለሙ ያልፋል። ሁለት ለጠፍኩ። ያልፋል። ካርቶኑን በምላጭ ልልጠው ሞከርኩ፤ ሽፋኑ ሊበጣጠስ ሆነ። ስለዚህ ነው ማሳየት ያልቻልኩት። እንዲህ ሆኖ እንዴት ይታያል?

ናዝራዊት፣ «መጽሐፉ ተጠገነ?» ስትል ከጓዳ ሆኜ «ገና ነው» አልኩ። እጄ በሙጫ ተለጣጥፎ ነበር።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 2

ወይዘሮ ምሕረትን ከመዘምራን «ለጊዜው እረፉ» ብለዋቸዋል። አሥራ ስድስት ዓመት የዘመሩ ሴት ናቸው። ይህን የነገረችኝ የጽዳት ሠራተኛችን ሣራ ናት፣ እሷም ከነሱ ቸርች። «እኔ አላመንኩም» አለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ግን ቲቸር፣ አስከሬኑን ያየ የለም እኮ።»

ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት ይላሉ። ማን ይጨምርበት? ሐሳቡ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበት።

ለምን አልሰጥም? ቀለሙን ትቼ ልጠይቅ። ሽማግሌዎቹ ጽሑፉን ቢያዩስ? ትልቁ ሽማግሌ ጋሽ እዮኤል መነጽር አድርገውም አጥርተው አያዩም፤ ከፊት ገልጠው ቢያዩ ይበቃቸዋል። አቶ ቃለሕይወትም ቢሆኑ ምን ይሉኛል? እነሱን አይደለም የምፈራው።

እሁድ፣ ሚያዝያ 5። ሆሳዕና

ናዝራዊት የዘንባባ ቀለበት ሠራችልኝ። ጣቴ ላይ ደርቋል። ጾሙ አድክሞኛል። ምንም አልሠራሁም። ምንም አላደረግሁም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 7

እርጥብ ልብሴን ሳልቀይር ነው የምጽፈው።

ከትምህርት ቤት ስንወጣ ወይዘሮ ምሕረት በሩ ላይ ቆመው ነበር። አስካለች ጠዋት ከቤት ወጥታለች፤ ክፍል አልገባችም። ናዝራዊትም እንዳላየቻት ነገረችን። ሁላችንም በየአቅጣጫው ተበታተንን። እኔ ከናዝራዊትና ከሣራ ጋር ወደ መናኸሪያ ወረድኩ። ዝናብ ነበር።

ቶማ አግኝቷታል። ከሚኒባሱ ፊተኛ ወንበር ላይ አስቀምጦ ሻይ ገዝቶላታል። ከጠዋት ጀምሮ ሾፌር ሾፌሩን ስትጠይቅ ነው የዋለችው። የአባቷን ፎቶ ይዛ። «ይህን ሰው አሳፍራችሁ ታውቃላችሁ?» እያለች።

«አስኩ፣ አንቺ እኮ ታሪክ መሆኑን ታውቂያለሽ» አልኳት። «አንቺ ራስሽ ነሽ ያነበብሽው።»

«አውቃለሁ፣ ቲቸር። ግን ሁሉም አልሞተም ይላሉ። ሁሉም ካለ ምናልባት እኔ ነኝ የማላውቀው ብዬ ነው።»

እናቷ ሲደርሱ እዚያው ጭቃ ላይ ተቀመጡ። «ሞቷል» አሉ። «ልጄ፣ አባትሽ ሞቷል።» እኒያ ሴት ከአራት ዓመት በኋላ ልጃቸውን እንደገና አረዷት። በኔ ምክንያት ባላቸውን ሁለት ጊዜ ቀበሩ።

ቶማ ሲሸኘኝ፣ «የዚችስ አባት ሞቶ ነው» አለ። ወደ ናዝራዊት አላየም፤ እሷ ከሣራ ጋር ፊት ፊት እየሄደች ነበር። «ጋሽ መክብብ በየሁለት ወሩ ጥቅሉን ሲሰጠኝ ‹ወደደችው?› ይለኛል። እኔ ደግሞ ምን ብዬ ልመልስ? እንጃ እለዋለሁ። ምን ልበለው፣ እትዬ?»

ናዝራዊትን ልደርስባት እርምጃዬን አፈጠንኩ።

አርብ፣ ሚያዝያ 10። ስቅለት

ጉልበቴ አልታጠፍ ብሏል፤ እንቅልፍም የለም። ልጻፈው።

ከስግደቱ በኋላ ቄሱ በወይራ ቅጠል ጀርባችንን መታ መታ እያደረጉ ጥፋታችንን ይጠይቃሉ። ተራዬ ደረሰ። ሌላ ጊዜ «ተቆጥቻለሁ፣ ሐሜት ሰምቻለሁ» እላለሁ፤ ሃምሳ ያሰግዱኛል፤ እሄዳለሁ።

«ምን አጠፋሽ?»

«መጽሐፍ ደበቅኩ፣ አባቴ።»

«የማንን?»

«የልጄን።»

ግር አላቸው። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነው። «መልሺላት» አሉ። «መቶ ስገጂ።»

ይኸው ነው። መልሺላት። መቶውን ሰገድኩ፤ እሱ ቀላል ነው።

ለምን እንደጀመርኩት ልጻፍ። የዛሬ ሁለት ዓመት ለፋሲካ እመጣለሁ አላት። በስልክ፣ በራሱ አንደበት። ነጭ ቀሚስ አሰፋሁላት። በበዓሉ ጠዋት በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ዶሮውን አልቀምስም አለች፣ እሱ ሲመጣ ብላ። ጎረቤቱ እያለፈ «እንኳን አደረሰሽ» ይላታል፤ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ትላለች፤ ዓይኗ መንገዱ ላይ ነው። እስኪመሽ ተቀመጠች። በማግስቱ ደውሎ፣ መኪና አጣሁ አለ። የሦስት ሰዓት መንገድ ነው! ቀሚሱን አጥቤ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከድንጋዩ የያዘውን እድፍ ማስለቀቅ አልቻልኩም።

ሲሙን ያን ሳምንት ቀየርኩ። ከሦስት ወር በኋላ የመጀመሪያው መጽሐፍ ሲመጣ፣ በል እንግዲህ በመጽሐፍ ልታታልላት ነው አልኩ። ስሟን የጻፈበትን ገጽ ቀደድኩ። አልጣልኩትም። ከዚያ ሁለተኛው መጣ። አሁን አሥራ ሦስት ሆነዋል። አሥራ ሦስቱንም መደርደሪያ ላይ አሰለፍኳቸው፤ እሷም እየተዋሰች አንብባ እየመለሰች ነው። አንብባዋለች እኮ፣ ምን ጎደለባት? ይህን ለራሴ ሁለት ዓመት ስለው ኖሬያለሁ።

ለሷ ብዬ ነው ያደረግሁት። ይህንንም ጽፌ ላንብበው። ለሷ ብዬ ነው።

አይደለም። ደስ ብሎኝ ነበር። ለኔ ብቻ ስትሆን ደስ ብሎኝ ነበር። ማታ ማታ የወደደችውን መጽሐፍ ለኔ ስታወራ፣ ያ ወሬ ለማን መሆን እንደነበረበት እያወቅኩ ነበር የምሰማው።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 13

መጽሐፉን ይዤ ወይዘሮ ምሕረት ቤት ሄድኩ። ፋሲካው ትናንት አለፈ። ነጭ ወረቀቶቹን ሁሉ ላጥኩ። እንዳለ ይታይ።

አስገቡኝ። ቦይና፣ ጎደሬ ማለት ነው፣ ቀቅለው ነበር፤ በዳጣ በርበሬ አቀረቡልኝ። እንዲህ ያደረጋቸው ሰው ብላ አይባልም፤ አሉኝ ግን። አስካለች ጥግ ላይ ቆማለች።

«አልጠፋም ነበር» አልኩ። «እኔ ጋ ነበር። ከመጀመሪያውም እኔ ጋ ነበር።»

ወይዘሮ ምሕረት መጽሐፉን ተቀብለው ገለበጡት። ኋላ ሽፋኑ ላይ ደረሱ። አማርኛ ማንበብ እንደማይቀናቸው አውቃለሁ፤ ለአስካለች ሰጧት። አስካለች አላነበበችም።

«አይቼዋለሁ፣ ቲቸር» አለች። «ዝናብ የነካው ዕለት ነው ያየሁት። ከመናገሬ በፊት።»

«አይተሽ? ታዲያ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ለምን አልተናገርሽም? እናትሽን እንዲህ ሲያደርጓቸው?»

«የእርስዎ ነገር ነዋ። የሰው ቤት ነገር አይወራም» አለች። ከዚያ ድምጿ ተሰበረ። «ቀጥሎ ናዝራዊት ታንብበው ያልኩት ግን ለዚያ ነው። የሷ ስለሆነ።»

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ የኔን ገመና ተሸክማ፣ እናቷ ከመዘምራን ሲወጡ ዝም ብላለች። ተንበርክኬ የወይዘሮ ምሕረትን ጉልበት ያዝኩ። አነሡኝ።

«ጦሳይ ይቅር ይላል» አሉ። እግዜር ይቅር ይላል ነው። እኔ ይቅር ብያለሁ አላሉም፤ ልብ ብያለሁ። ቀጥለው፣ «ለኔ አርብ ለሽማግሌዎች ታሳያለሽ። ለልጅሽ ግን አርብ ድረስ አትጠብቂ» አሉኝ።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ሰጠኋት። ኋላውን ገልጬ። በቃል መናገር አቃተኝ።

«ለናዝዬ። ይህቺ ልጅ ደብዳቤዎቹን ስታገኝ ያለው ምዕራፍ ላይ ቆም በዪ፤ እኔም እዚያ ቆሜያለሁ። ለምን እንደማትመልሺልኝ አልጠይቅሽም። ያን ፋሲካ አልረሳሁትም። ወደድሽው ወይስ አልወደድሽውም? ይህን ብቻ በቶማ በኩል ላኪልኝ። አባትሽ።»

አነበበች። እንደገና አነበበች። «ስንት ናቸው?» አለች።

«አሥራ ሦስት።»

ክፍሏ ገባች። በሩን በቀስታ ነው የዘጋችው።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

አታናግረኝም። ምግብ ትበላለች። ሰሃኗን ታጥባለች።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

አርብ አልተሳካም፤ ጋሽ እዮኤል ታመው ነበር። ለሚቀጥለው ተላለፈ። ወይዘሮ ምሕረት አንድ ሳምንት ጨመሩ ማለት ነው። ቢዘገይም እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል አልኳቸው። «እያደር» አሉ።

ናዝራዊት ዛሬ ወደ ንባብ ክፍሉ መጣች። ከመደርደሪያው የቀሩትን አሥራ ሁለቱን አንድ በአንድ ለቅማ አወጣች። ያልነገርኳትን እንዴት እንደለየቻቸው አላውቅም። የያንዳንዱን የመጀመሪያ ገጽ ገለጠች። ባለበት የቀረችውን የተቀደደች ጠርዝ በጣቷ ነካች። ከዚያ ሁሉንም መልሳ ደረደረቻቸው።

ስወጣ ከበሩ ላይ ሆኜ አየኋት፤ በጨርቅ መደርደሪያውን እየጠረገች ነበር። ማንም አላዘዛትም።

አርብ፣ ሚያዝያ 24

ይህን ሁሉ መጻፍ አለብኝ፣ ሳይቀር።

ክፍሉ ሞላ። ጋሽ እዮኤልና ሁለት ሽማግሌዎች ፊት ተቀመጡ፣ አቶ ቃለሕይወት አጠገባቸው። ወይዘሮ ምሕረት በሩ ሥር። አስካለች መጽሐፉን ከፍታ ያንኑ ታሪክ ከገጹ አነበበች፣ ቃል በቃል፤ ጆንያው፣ ደብዳቤዎቹ፣ ጭነት መኪናው። ስትጨርስ መጽሐፉን ለጋሽ እዮኤል ሰጠቻቸው። ገለበጡ፤ የአስካለችን ስም ፈለጉ፤ የባለታሪኳ ስም ሌላ ነው። መጽሐፉን ዘጉት።

«እኛ ምስክርነት መስሎን ነው» አሉ። ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱና ወይዘሮ ምሕረት ፊት ባርኔጣቸውን አወለቁ። በወላይትኛ ነው የተናገሩት፤ ሁሉንም አልያዝኩም። ወይዘሮ ምሕረት አንገታቸውን ደፍተው ሰሙ። እሁድ በቦታቸው ይቆማሉ። አምስት ሳምንት የተወራባቸውን ማን ሰብስቦ እንደሚመልስላቸው ግን ማንም አልተናገረም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ሰዓቱ ተከፈተ። ቤኒ ዝንጀሮውን ሊናገር ሲነሣ ናዝራዊት ከኋላ ተነሣች። ከታኅሣሥ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። ቤኒ ቦታውን ለቀቀላት።

እጇ ባዶ ነበር። መጽሐፍ አልያዘችም።

«እኔ አባቴ የረሳኝ ይመስለኝ ነበር» አለች። «አባቴ ግን በየሁለት ወሩ በሚኒባስ መጽሐፍ ይልክልኝ ነበር። ሲያነብ የወደደውን እየመረጠ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ስሜን ይጽፍበታል። እናቴ ገጹን ትቀድና መጽሐፉን የሕዝብ መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠዋለች። እኔም እየተዋስኩ አነባለሁ። የራሴን መጽሐፍ እየተዋስኩ! አንዱን ሁለት ቀን አሳልፌ መልሼ ተቀጣሁ።»

ልጆቹ ሳቁ። እሷም ትንሽ ሳቀች። እኔ መዝገቡን ፊቴ ላይ ላደርግ ፈለግሁ፤ መልሼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«እናቴን ጠላኋት» አለች። «አሁንም አልተውኩም። ግን እነዚያን መጻሕፍት ሳነብ ማታ ማታ የማወራላት ለሷ ነበር። ሁሉንም ሰምታኛለች። ይህን ምን እንደማደርገው አላውቅም።» ተቀመጠች።

ጋሽ እዮኤል አጨበጨቡ። «አሁንስ ገብቶናል» አሉ ወደ አቶ ቃለሕይወት ዘንበል ብለው። «ይህም መጽሐፍ ነው። ደራሲው ጎበዝ ነው።» አስካለች መሬት መሬት እያየች ነበር።

ቤኒ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ርዕሱ ምንድን ነው? እኔ ልመዝገብ!» ሌላ አምስት እጅ ወጣ። ሁሉም መዝገቡን ያዩታል። እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። ስማቸውን ጽፌ፣ ሲገኝ እሰጣችኋለሁ ብል ያልፍ ነበር። ማንም አያውቅም ነበር። ወደ በሩ አየሁ፤ ወይዘሮ ምሕረት አልሄዱም። እያዩኝ ነበር።

«ቤኒ፣ መጽሐፍ አይደለም» አልኩ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«ምስክርነት ነው። እናቲቱ እኔ ነኝ።»

አቶ ቃለሕይወት ወለሉን አዩ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ፣ ምን ማለት እንዳለባት ስላላወቀች ይመስለኛል፣ በለመደችው በቀጭን ድምፅ «አሜን» አለች።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

ጠዋት ቁርስ ላይ አሥራ አንድ ቀን ያላናገረችኝ ልጅ አንድ ነገር ጠየቀችኝ።

«የቀደድሻቸው ገጾች የት ናቸው? አቃጠልሻቸው?»

«አላቃጠልኳቸውም።»

«የት ናቸው?»

ናዝዬ፣ በዚህ ደብተር የኋላ ሽፋን ኪስ ውስጥ ናቸው። አሥራ ሁለቱም አሉ፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ በየተራቸው። የምፈራው እነሱን ለማግኘት ደብተሩን መክፈት ስለሚኖርብሽ ነበር። ክፈቺው። የአባትሽ ስልክ ከመጨረሻው ገጽ ጀርባ አለ፤ ቶማ ሰጥቶኝ ነው። ሰኞ ጠዋት ወደ አርባ ምንጭ ይወርዳል፤ መልስ ካለሽ ይወስድልሻል። ወደድኩት ወይም አልወደድኩትም፣ ያን ብቻ ነው የጠየቀሽ።

ገበያ ሄጃለሁ። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ትቼዋለሁ። የመመለሻ ቀን የለውም።